«ባሕሩ የእግዚአብሔር ነው» እያላችሁ ለምትከራከሩኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ ዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ አራት መስመር ብጽፍ ያልሰማሁት ነገር የለም። «ጋሼ፣ አንተም የመንግሥት ጠበቃ ሆንክ?» ያለኝ አለ። «ባሕሩ የእግዚአብሔር፣ ዓሣውም የእግዚአብሔር፣ ሜሪላንድ ማን ሆና ነው የምታስከፍለኝ?» ያለም አለ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደግሞ (ስሙን አልጠራም፣ ድሮም የኋላ ወንበር ነበር የሚወደው) «መመዝገብ ማለት ራስን አሳልፎ መስጠት ነው» ብሎ ዘጋው። ከሁሉም ብዙ ላይክ ያገኘው ይኼኛው ነው። እሺ፣ በአራት መስመር ካልተግባባን በረጅሙ እንሞክር። ቡና ያላችሁ ቅዱ።

መጀመሪያ ስለ የቱ ውኃ እንደምናወራ እንስማማ። የጨው ውኃ ሲባል ብዙዎቻችሁ ኦሽን ሲቲ ድረስ ነድቶ አትላንቲክ ውስጥ መንጠቆ መጣል ብቻ ይመስላችኋል። ቼሳፒክ ቤይም እዚሁ ውስጥ ነው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል አብረውት የሚሞሉና የሚጎድሉ ወንዞችም እንዲሁ። ፖቶማክ ራሱ እስከ ቼይን ብሪጅ አካባቢ ድረስ ከባሕሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ጭናችሁ ሳንዲ ፖይንት የምትሄዱ፣ ማታፒክ ፒር ላይ ዘንግ ደግፋችሁ የምትቆሙ፣ ፖይንት ሉካውት አድራችሁ የምትመለሱ ሁላችሁንም ይመለከታል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቻለሁ፤ በጾም ወቅት ፒሩ ላይ አማርኛ እንደሚበዛ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ክርክሩ። «ገንዘብ መልቀሚያ ነው» ለምትሉት ታሪኩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ታሪኩን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም።

ለገበያ የሚያጠምድ ጀልባ ወደብ ሲደርስ ዓሣው ይመዘናል፣ ይጻፋል። እኔና እናንተ በባልዲ ይዘን ወደ ቤት የምንሄደውን ማን ይመዝናል? ማንም። ግን የሚሊዮኖች ባልዲ ሲደመር ትንሽ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከ1979 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ይኼን ለማወቅ የሚሠራው ሥራ በአጭሩ ስልክ መደወል ነበር። በባሕር ዳር አውራጃዎች ያለ የቤት ስልክ ላይ በዕጣ ይደወልና «ባለፉት ሁለት ወራት ከቤታችሁ ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። አብዛኛው ቤት «የለም» ይላል። የሚያጠምደው ሰው ደግሞ ቤቱ የለም፣ ፒሩ ላይ ነው። በ2006 ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ይኼን አሠራር መርምሮ ለሚወሰንበት ውሳኔ እንደማይበቃ በግልጽ ጻፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮንግረስ የ1976ቱን የዓሣ ሀብት ሕግ ሲያሻሽል፣ በጨው ውኃ ለመዝናናት ወይም ለቤቱ የሚያጠምድ ሰው ሁሉ የሚመዘገብበት ብሔራዊ መዝገብ ይኑር አለ። ፕሬዚዳንት ቡሽ በ2007 መጀመሪያ ፈረሙበት፣ መዝገቡ በጃንዋሪ 2010 ሥራ ጀመረ። የራሱን ዝርዝር ለፌዴራል የሚሰጥ ግዛት ነዋሪዎቹ ከፌዴራሉ ምዝገባ ነፃ እንዲሆኑ ተደረገ።

ከዚያ ግዛቶቹ ምን አደረጉ? እዚህ ጋ ነው «ገንዘብ መልቀሚያ» የሚለው ወሬ የሚፈርሰው። ኒው ዮርክ በ2009 የሚከፈልበት ፈቃድ አመጣች፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ በ2011 ትታው ነፃ ምዝገባ አደረገችው። ኒው ጀርሲ በ2011 ከመጀመሪያውም ነፃ አደረገች። ቨርጂኒያ ፈቃድ የማያስፈልጋቸውን ሰዎች በነፃ ቁጥር ትመዘግባለች። ሜሪላንድ ፈቃድ በማይጠየቅባቸው የሕዝብ ፒሮች ላይ ለምታጠምዱት ነፃ ምዝገባ አላት፤ ለሌላው ውኃ ያለው የነዋሪ ፈቃድ ለዓመታት 15 ዶላር ነበር። አንድ ክትፎ አይሞላም። ክትፎውን ስትበሉ ግን «ከብቱ የእግዚአብሔር ነው» ስትሉ ሰምቼ አላውቅም።

ደግሞ ስለ ገንዘብ ካነሳችሁ አይቀር፣ ዘንጉን ስትገዙ ከፍላችኋል እኮ። ከ1950 ጀምሮ ባለው ሕግ በዘንግ፣ በመንጠቆና በመሳሰለው ላይ ፋብሪካው ወይም አስመጪው ግብር ይከፍላል፣ ግብሩ ዋጋው ላይ ተጨምሮ እናንተ ጋ ይደርሳል። ያ ገንዘብ ተመልሶ ለግዛቶች የሚከፋፈለው እንዴት መሰላችሁ? 40 በመቶው በውኃና በመሬት ስፋት፣ 60 በመቶው በዚያ ግዛት ከፍሎ ፈቃድ ባወጣ ሰው ብዛት። ዓሣ የሚራባበትን ውኃ ለመጠበቅ፣ ጀልባ ማውረጃ ለመሥራት፣ ዓሣውን ለማጥናት የሚውል ገንዘብ ነው። ፈቃድ ያላወጣው ጀግናችን ግብሩን ሱቅ ውስጥ ከፍሎ ድርሻውን ለሌላ ግዛት ይሸልማል ማለት ነው። ብልጠት ይሉታል ይኼን።

«አገር ቤት ማን ፈቃድ ጠይቆን ያውቃል» የሚለውንም ልንካው። አንደኛ፣ አገር ቤትም ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 315 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር የ1995። ሁለተኛ፣ ፈቃድ አለመጠየቃችን ለጣና ምን ጠቀመው? ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዝ ሲወጣ የወንዙ አፍ ላይ መረብ እየተዘረጋ፣ በጣና ብቻ የሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ተመራማሪዎች ዓይን ሥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ክፉኛ ተመናመኑ። ባሕር ዳር ያደጋችሁ ይኼን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። እኛ መክፈል አይደለም የምንፈራው፣ መቆጠር ነው። ይኼ ፍርሃት ከሰማይ አልወረደም። አያቶቻችን ገመድ ይዞ የመጣ ሰው መሬት ሊለካባቸው፣ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ልጃቸውን ለጦር ሊወስድባቸው እንደሆነ ተምረው ነው ያለፉት። ዳዊትም ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሠፍት እንደወረደ ሁላችንም ሰምተናል። ፍርሃቱን አልንቅም። ነገር ግን እዚሁ ገጽ ላይ፣ አገር ቤት የሕዝብ ቆጠራ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሳይደረግ እየተራዘመ መቅረቱን እያነሳችሁ «ያልተቆጠረ ሕዝብ በጀት አይደርሰውም» ብላችሁ ስትጽፉ የነበራችሁ እናንተ ናችሁ። ልክ ናችሁም ነበር። ታዲያ አትላንቲክን ስትሻገሩ ሒሳቡ ተለወጠ?

ዛሬ ቼሳፒክ ላይ ያለውን እንይ። ሜሪላንዶች ሮክፊሽ፣ ሌላው ስትራይፕድ ባስ የሚለው፣ ጎኑ ላይ መስመር ያለው ዓሣ አለ፤ አብዛኞቻችሁ ፎቶ ተነሥታችሁ የምትለጥፉት እሱን ነው። ይኼ ዓሣ ከዚህ በፊት ሊያልቅ ደርሶ ሜሪላንድ ከ1985 እስከ 1990 ጨርሶ እንዳይጠመድ ዘግታው ነበር። ከዚያ አገገመ። አሁን እንደገና ችግር ውስጥ ነው። ሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየበጋው መረብ እየጎተተች የዚያን ዓመት ጫጩቶች ትቆጥራለች፤ ከ2019 ወዲህ ውጤቱ በየዓመቱ ከአማካዩ በታች ነው። ለዚህ ነው በ2024 ደንቡ የጠበቀው፦ በቀን አንድ ዓሣ፣ ከ19 ኢንች ያላነሰ፣ ከ24 ኢንች ያልበለጠ። ከዚያ ያነሰውም የበለጠውም ተመልሶ ውኃ ውስጥ ይገባል።

ይኼን የሚወስኑት የአትላንቲክ ግዛቶች ኮሚሽንና የየግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ከመወሰናቸው በፊት «ማን ስንት ያጠምዳል?» ይላሉ፣ የሕዝብ አስተያየትም ይሰማሉ። እዚያ ስብሰባ ላይ ማን ይናገራል? ባለ ጀልባው ይናገራል፣ ደንበኛ ጭኖ የሚወጣው ካፒቴን ይናገራል፣ የመረብ አጥማጁ ማኅበር ይናገራል። ከሥራ ወጥቶ ለሁለት ሰዓት ከድንጋይ ላይ መንጠቆ የሚጥለው የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ለቤተሰቡ እራት የምትይዘው ነርስ ረዳት አይናገሩም። መናገር ቢቀር በቁጥሩ ውስጥ መኖር ነበረባቸው። እዚያም የሉም። ለጀልባ ባለቤት አንድ ዓሣ መቀነስ ጨዋታ መቀነስ ነው፤ በወር ሁለቴ ከዳር ለሚያጠምድ ሰው ግን እራት ነው። ይኼ ልዩነት ሊታሰብ የሚችለው ሁለተኛው ሰው መኖሩ ሲታወቅ ነው።

አሠራሩን ላላወቃችሁ፦ በ2018 የስልኩ ጥሪ ቀርቶ በፖስታ ሆኗል። በዕጣ ለተመረጡ ቤቶች መጠይቅ ይላካል። መዝገቡ ላይ ያለ ቤት ከሌለው የበለጠ የመመረጥ ዕድል አለው። ሌሎች ሠራተኞች ደግሞ ፒርና ወደብ ላይ ቆመው ምን እንደያዛችሁ ይጠይቃሉ፣ ይለካሉ። ሁለቱ ሲባዛ ግምቱ ይወጣል። በፖስታው ውስጥ ሁለት ዶላር አለ፣ ለድካማችሁ ተብሎ። አንድ ወዳጄ ሁለቱን ዶላር አውጥቶ ኪሱ ከቶ መጠይቁን ጥሎታል፤ «ማጭበርበሪያ መስሎኝ» ይላል። ማጭበርበሪያ ከሆነ ማን ማንን እንዳጭበረበረ እናንተ ፍረዱ።

ይኼን ስጽፍ ከመካከላችሁ የሚያነበው እንደሚኖር አውቃለሁ፦ «በ2023 ራሳቸው ቆጠራችን ስህተት አለበት ብለው የለ?» ብለዋል። የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ቀይረው ቢሞክሩት፣ ሰው ወጣሁ የሚለው ጊዜ ከ30 እስከ 40 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ማለትም ግምቱ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። እውነት ነው፣ ትልቅ ነገርም ነው። እኔ ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ አልመዘገብም» የሚለው ዝላይ አይገባኝም። የተጋነነው ቁጥር የሚስተካከለው የሚያጠምደው ሰው ራሱ በትክክል ሲመልስ ነው እንጂ ሲደበቅ አይደለም። ቁጥሩ ተጋኖ ደንቡ ከጠበቀባችሁም የተጎዳችሁት እናንተው ናችሁ።

እስካሁን እናንተን ስወቅስ ቆይቻለሁ። አሁን ወደ ቢሮዎቹ ልዙር፤ እነሱን በነፃ ልለቃቸው አላሰብኩም።

ምዝገባ ሰውን ለመቁጠር ከሆነ ለምንድን ነው ሰው እንዳይመዘገብ ተደርጎ የተሠራው? በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ያ የድጎማ ማሻሻያ የሚሉት፣ የልጅ ማሳደጊያ የማይከፍሉ ወላጆችን ለመያዝ ሲባል ግዛቶች በመዝናኛ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ ሳይቀር የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እንዲሰበስቡ ያዛል። አስቡት እስኪ። ልጁን ጥሎ የሄደን አባት ፍለጋ፣ ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ጥገኝነት ጠያቂ ከዓሣ መዝገብ ፊት ይደነግጣል። ሕጉ ቁጥር ያለው ሰው ቁጥሩን ይስጥ አለ እንጂ ቁጥር የሌለው ሰው ዓሣ አያጥምድ አላለም። ይኼን ፎርሙ ላይ በሁለት መስመር ማስረዳት ምን ያህል ከባድ ነው? ተማሪዬ «ራስን አሳልፎ መስጠት» ያለው ከዚህ የመጣ ነው፤ እዚህ ላይ ብቻ እውነት አለው። ለዓሣ ጥናት የሚሰጥ መረጃ በምስጢር እንዲያዝ የፌዴራሉ የዓሣ ሕግ ራሱ ያዛል፤ ግን ይኼን ፒሩ ላይ ቆሞ በሚገባ ቋንቋ የነገረን የለም። ጉዳያችሁ በሂደት ላይ ያለ ሰዎች ፌስቡክን ሳይሆን ጠበቃችሁን አማክሩ፣ እኔንም ጨምሮ።

ቋንቋውን ደግሞ እዩት። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት የመንግሥት ወረቀቶችን በአማርኛ ማየት ለምደናል። ይቻላል ማለት ነው። እኔ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ፒሮች ላይ ቆሜ ካነበብኳቸው ሰሌዳዎች አንዱም ላይ ግን እስከ ዛሬ አንድ የአማርኛ ቃል አላየሁም። የምናጠምደውን ዓሣ በኢንች የሚለካ መንግሥት የሚያጠምደው ማን እንደሆነ አያውቅም?

ከሁሉ የከፋው ድንበሩ ነው። በአንድ ወንዝ ላይ ሦስት መንግሥት አለ። ፖቶማክ ላይ ከቨርጂኒያ ዳር ቆማችሁ የወረወራችሁት መንጠቆ የሚያርፈው የዲሲ ወይም የሜሪላንድ ውኃ ላይ ሊሆን ይችላል። ዲሲ ከ16 እስከ 64 ዓመት ያለውን ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ከዚያ በላይ ያሉትን አትጠይቅም። ቨርጂኒያ በጨው ውኃ 65 የሞላቸውን ነዋሪዎቿን ፈቃድ አታስወጣም፣ በነፃ መመዝገብ ግን አለባቸው። ሜሪላንድ 65 ለሞላቸው የአረጋውያን ፈቃድ አላት፣ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም፣ ግን ያስፈልጋል። የማውቃቸው እናት አሉ፣ 68 ዓመታቸው ነው። ቨርጂኒያ ካለችው ልጃቸው ቤት ሜሪላንድ ወዳለችው ተዛወሩ። ቨርጂኒያ እያሉ የልጅ ልጃቸው በስልኩ አስመዝግቧቸው ስለነበር «ለትልቅ ሰው ነፃ ነው» ብለው አምነው ተቀምጠዋል። አንድ መናፈሻ ዳር ዘንጋቸውን ይዘው ኩርሲያቸው ላይ እንደተቀመጡ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው መጥቶ ቅጣት ጻፈባቸው። ከገንዘቡ ይልቅ ድንጋጤው ነው የጎዳቸው፤ ስለ ዓሣ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ወረቀት የመጣባቸው መስሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ውኃ ዳር ሄደው አያውቁም፣ ዘንጉም ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። እኚህ ሴት ዓሣውን አላጠፉትም። ሦስቱ መንግሥታት ተቀምጠው ለአንድ ወንዝ አንድ የአረጋውያን ደንብ ማውጣት ሲችሉ ባለማውጣታቸው ግን ተቀጥተዋል።

እና የምጠይቀው ይኼን ነው። ከቢሮዎቹ፦ ነፃ ምዝገባው ሰሌዳ ላይ በአማርኛ፣ በስፓኒሽ፣ በቬትናምኛ ይጻፍ፤ ስለ ሶሻል ሴኩሪቲው ቁጥር ግልጽ ቃል ይኑር፤ ምዝገባ ብቻ የጎደለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገኝ ቅጣት ሳይሆን እዚያው እንዲመዘገብ ይደረግ። ሮክፊሽን በሚመለከት ለሕዝብ አስተያየት ሲከፈት ይኼንኑ በእንግሊዝኛ ጽፌ እልካለሁ፣ ስማችሁን ከስሜ ሥር ማስፈር የምትፈልጉ ንገሩኝ። ፍላጎት እንጂ ዜግነት አይጠየቅም።

ከእናንተ ደግሞ ብዙ አልጠይቅም። ልጆቻችሁ ከ16 ዓመት በታች ከሆኑ ምንም አያስፈልጋቸውም። ፈቃድ ባለው ካፒቴን ጀልባ በቡድን የምትወጡም የእሱ ፈቃድ ይሸፍናችኋል፤ የማኅበራችሁን የበጋ ጉዞ አትሰርዙ። ሜሪላንድ ውስጥ ነፃ ፒር ላይ ብቻ የምታጠምዱ ነፃውን ምዝገባ አድርጉ፣ ከዚያ ውጪ ከሆናችሁ ፈቃዱን ግዙ። የሜሪላንዱን ይዛችሁ ቨርጂኒያ የምትሻገሩ የቨርጂኒያን ነፃ ቁጥርም ውሰዱ። ሸርጣን ሌላ ደንብ አለው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ለቤታችሁ ስትይዙ ጠንካራ ቅርፊት ያላትን ሴቷን ሸርጣን መያዝ ክልክል ነው፣ ሴቷን ከወንዱ መለየት የማታውቁ ሆዷን ገልብጣችሁ እዩ። ቱና ወይም ሻርክ ፍለጋ ራቅ ብሎ የሚወጣ ጀልባ ያለው ካለ (ካለም ደብቆኛል) ለጀልባው የተለየ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልገዋል።

በስልክ መሙላት ለሚከብዳቸው ወላጆቻችሁ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁልጊዜ የምቀመጥበት ካፌ ላፕቶፔን ይዤ እገኛለሁ። መታወቂያ ይዘው ይምጡ። እዚያ 68 ዓመት የሞላቸውን እናት አመጣለሁ ብያለሁ፣ ፈቃዳቸውን በመጀመሪያ የማወጣው የእሳቸውን ነው፣ ወረፋ አትጋፉ። የኋላ ወንበሩ ተማሪዬም ይምጣ፣ መከራከር ከፈለገ ማኪያቶውን እሱ ይከፍላል። ሁለት ዶላሯን ወስዶ መጠይቁን የጣለው ወዳጄ ደግሞ ሌላ ፖስታ ከመጣለት ሳይከፍት ይዞልኝ ይምጣ።